የሦስት ሰዓቱ ናሙና

በቤተ ሙከራው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሌላው ሁሉ እሷ «ጠብታ» ናት፤ ታናናሾቿ ደግሞ አክብሮት ጨምረው «እትዬ ጠብታ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ዶክተሩ ናቸው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጠርሙስና ብልቃጥ አጣቢ ሆና በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት፣ መድኃኒት የሚለካው ሰው ታሞ ቀረና «እስቲ አንቺ ሞክሪ» አሏት። አርባ ጠብታ መቁጠር ነበረባት። ትንፋሿን ይዛ ቆጠረች። ስትጨርስ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ዓይኗ ተጎልጉሎ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ዶክተሩ ከት ብለው ሳቁና «ይቺስ ራሷ ጠብታ ናት» አሉ። በዚያው ጸና።

ከዚያ በኋላ አላጠበችም። ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች ቴክኒሺያን ሆነች። አግብታ ነበር፤ ሳይስማሙ ቀርተው በሰላም ተለያዩ፤ ልጅ አልወለደችም። አሁን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር በአንድ ፎቅ ቤት ሁለተኛው ደርብ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች።

ቤተ ሙከራው የሚያጠናው አቀንጭራ የተባለውን አረም ነው። አቀንጭራን ጠብታ ከዶክተሩም በፊት ታውቃታለች። ልጅ ሳለች አባቷ የማሽላ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ከማሳው መሀል ሐምራዊ አበባ ለቅማ፣ እቅፍ ሙሉ አድርጋ ለእናቷ ይዛ መጣች። እናቷ ይስሙኛል ብላ ስትጠብቅ፣ አበባውን ከእጇ ነጥቀው እሳት ውስጥ ከተቱትና ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ የገባት ማሽላው ከነቆመ ሲደርቅ ባየች ጊዜ ነው።

የአቀንጭራ ዘር ከትንባሆ ዱቄት የደቀቀ ነው። በሁለት ጣት ቆንጠር ቢያደርጉት ሺህ ይሆናል፤ አጠገቡ ቢያስነጥሱ የአንድ ወር ሥራ በነፋስ ይሄዳል። መሬት ውስጥ ዓመታት ተኝታ ትጠብቃለች። የማሽላ ሥር ሲቃረባት፣ ሥሩ የሚያወጣው ፈሳሽ ይደርሳትና ትነቃለች፤ ክር የመሰለ ሥር ታወጣለች። ያ ሥር ማሽላው ዘንድ ሲደርስ ማደጉን ያቆማል። ጫፉ ያብጣል፣ ጸጉር ያበቅላል፣ ይጣበቃል፣ ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማሽላው ይለፋል፣ እሷ ትበላለች። ያንን ያበጠ የሥር ጫፍ በቤተ ሙከራው «መምጠጫ» ይሉታል። ጥያቄያቸውም አንድ ነበር፦ ሥሩን «በቃ፣ እዚህ ቁም፣ መምጠጫ ሁን» ብሎ የሚያዘው ጂን የትኛው ነው?

ለዚህ ሥራ ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ መጣች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ምላሷም እግሯም አያርፉም። ከጠብታ ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር የገጠሙት። ተማሪዋ መጽሐፍ ታውቃለች፣ ጠብታ ደግሞ እጅ ታውቃለች፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከእነዚያ ክር ከሚያህሉ ሥሮች ውስጥ የጂኑን መልእክት አውጥቶ ቅጂ ይሠሩለታል። ቅጂውን ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል፤ ባክቴሪያው ሲራባ ጂኑም አብሮ ይራባል። ባክቴሪያዎቹ ሳህን ላይ ነጠብጣብ ሆነው ይበቅላሉ፤ ጂኑን የተቀበሉት ነጭ፣ ያልተቀበሉት ሰማያዊ ይሆናሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ሳህኑ የሰማይ ቁራጭ መስሎ ወጣ።

«እትዬ፣ ዛሬስ?» ትላለች ተማሪዋ በየጠዋቱ ከበር ላይ።

«ሰማያዊ» ትላለች ጠብታ።

«አንድም የለም?»

«አንድም። ከፈለግሽ መጋረጃ እናሰፋበታለን።»

መላውን ያገኘችው ጠብታ ናት። የአቀንጭራ ሥር ሲፈጭ ልጋግ አለው። የቀድሞ ጠርሙስ አጣቢ ልጋግ የነካው ብልቃጥ አንዴ ታጥቦ እንደማይጠራ ታውቃለች። «ይሄ ነገር አልጠራም» አለች ቱቦውን ወደ መብራቱ ዘርግታ፤ መጽሐፉ አንዴ እጠቡ ያለውን ሦስት ጊዜ አጠበችው። በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ፣ በማግስቱ ሳህኑን ከማሞቂያው ስታወጣው፣ ከሰማያዊዎቹ መሀል ሰባት ነጭ ነጠብጣቦች ተቀምጠዋል። ተማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ጮኸች። ከጎረቤት ክፍል እሳት ተነሣ ብለው ማጥፊያ ይዘው የመጡም ነበሩ።

ጂኑ ተገኘ። የቀረው መቼ እንደሚነቃ ማየት ነበር። ተማሪዋ ለሦስት ወር ሥልጠና ሌላ ቦታ ስለተላከች፣ ይህን ክፍል ጠብታ ብቻዋን ሠራችው። የማሽላ ሥር ፈሳሽ በአቀንጭራዎቹ ላይ ትጨምራለች፤ ትጠብቃለች፤ ሥሮቹን ለቅማ በፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ ታደርጋቸዋለች። ማሽኑ ሲለካው ጂኑ ፈሳሽ ካልተጨመረባቸው አርባ እጥፍ ያህል ነቅቶ ተገኘ። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱም ያው። በመዝገቧ ላይ እንደ ልማዷ በአጭር በአጭሩ ጻፈችና ዘጋችው።

ተማሪዋ ስትመለስ መዝገቡን ይዛ አሠራሩን በኮምፒውተር አሳምራ ጻፈች። ሌላ ከተማ ያለ ቤተ ሙከራ ውጤቱን ደግሞ እንዲያረጋግጥ ሊላክ ነው። ወረቀቱን ለጠብታ አመጣችላት።

«እትዬ፣ እይውና ፈርሚልኝ። መልእክተኛው ደጅ ቆሟል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጠብታ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የቅርብ ጽሑፍ አይታያትም ነበር። ብልቃጥ ላይ ያለው መስመር ይታያታል፣ ሥሩ በማይክሮስኮፕ ይታያታል፤ ወረቀት ላይ ያለ ደቃቅ ፊደል ግን እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይተራመስባታል። ለማንም አልተናገረችም። ወረቀቱን ክንዷ እስኪችል አራቀችው፣ ከንፈሯን ያነበበች አስመስላ አንቀሳቀሰች፣ ፈረመች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ዶክተሩ ቢሯቸው አስጠሯት።

ገና ስትገባ ቀልቧ ተገፈፈ። ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቺ ሲሏት የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን እርስዎ አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«መልስ መጥቷል» አሉ፤ ወረቀቱን በጣታቸው እየገፉ። «ሁለት ጊዜ ሞክረውታል። ጂኑ አይነቃም ነው የሚሉት። ምንም። ፈሳሽ ከተጨመረበትና ካልተጨመረበት ልዩነት የለውም።»

«እንዴት ይሆናል? እኔ ሦስት ጊዜ...»

«አውቃለሁ። እ... ምናልባት ቱቦዎቹ ተለዋውጠው ይሆን? በማንም ላይ የሚደርስ ነው። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም።»

አይደለም ሲሉ ነው እንደሆነ የገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ቱቦዎቹ ላይ የምትጽፈው ቁጥር የጉንዳን ራስ ያህል ነው። ስድስትን ስምንት ብላ ቢሆንስ? ሦስት ጊዜ፣ በተመሳሳይ መንገድ? አይሆንም። ግን ዓይኗስ?

ዶክተሩ ውሳኔያቸውን ነገሯት። ሙከራው እዚሁ እንደገና ይሠራል፤ የምትሠራው ተማሪዋ ናት፤ በተጻፈው ወረቀት መሠረት፣ ከአንድ እስከ መጨረሻ። ጥርጣሬ እንዳይኖር ጠብታ ወደዚያ ክፍል ባትገባ ጥሩ ነው። የተማሪዋ የመመረቂያ ጉባኤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ውጤቱ ካልጸና ይተላለፋል። ምናልባትም የሦስት ዓመቱ ሥራ እንዳለ ከንቱ ይቀራል።

ጠብታ ሦስት ሳምንት በመስታወት ቤቱ ውስጥ ማሽላ ስታጠጣ ከረመች። ቤተ ሙከራው በመስኮት ይታያታል። ተማሪዋ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ከወዲያ ወዲህ ስትል ታያታለች፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም አንገታቸውን ይሰብራሉ። እንቅልፍ ባይኗ አይዞርም። እራቷን ሳትነካ ታነሣለች። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል? ልብስሽ እኮ በሌላ ሰው ላይ የተሰቀለ መሰለ» ይሏታል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ» ትላለች፤ ሥራ አጥታ መክረሟን እንዴት ብላ ትንገራቸው?

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ተማሪዋ ራሷ ወደ መስታወት ቤቱ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ» አለች ከበሩ ላይ ቆማ።

«አልነቃም?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «በወረቀቱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ነው የሠራሁት። እኔ አንቺን አልጠረጥርሽም። ግን አላውቅም፤ ግራ ገባኝ።»

ጠብታ የውኃ መርጫውን አስቀመጠች። «ጠርጥሪኝ፣ ልጄ። እኔም ራሴን ጠርጥሬያለሁ» አለች። ተማሪዋ አቅፋት አለቀሰች፤ እሷ ግን እንባም እምቢ አላት።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መነጽር ቤት ሄደች። ዓመት ሙሉ የፈራችውን በር በአንድ ጊዜ በርግዳ ገባች። የመነጽር ባለሙያው ፊደሎቹን ካስነበባት በኋላ «እስከ ዛሬ እንዴት ኖሩ?» አላት። «በግምት» አለች። አርብ ማታ መነጽሯን ተቀበለች። ያንኑ ዕለት በጥሩ እጅ ጽሑፍ የዝውውር ማመልከቻ ጻፈች፦ በጤና ምክንያት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲያዛውሯት። ሰኞ ልትሰጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ምሳ በልተው ሳህኑን አነሳሥታ እንደጨረሰች፣ እናቷ ከአልጋቸው ጫፍ ሆነው «ውኃ አምጪልኝ፤ ክኒኔ ደረሰ» አሏት። ድዳቸው አብጦ ካስቸገራቸው ሰንብቷል። ከአምስት ቀን በፊት ሐኪም አይቷቸው ሃያ አንድ እንክብል ታዞላቸው ነበር። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች፤ ጉንጫቸው አሁንም ሎሚ የጎረሰ ይመስላል።

ውኃውን ስታቀብላቸው ብልቃጡ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሙሉ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«እማዬ፣ ይሄ ለምን አያልቅም?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ያልቃላ ቀኑ ሲደርስ።»

ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ቆጠረችው። አሥራ ስድስት። «አምስት ቀን ነው እኮ! በቀን ሦስት ነበር የሚዋጠው!»

«ማነው ያለሽ? እኔ ባለመድኃኒቱ የጻፈልኝን ነው የማደርገው። ዕድሜዬ ቢገፋም ማንበብ አልረሳሁም። ይኸውልሽ፣ በስምንት ሰዓት አንድ ፍሬ ይላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን እውጣለሁ፤ አንድ ቀን ዘንፌ አላውቅም!»

ጠብታ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ብልቃጡን አየችው። በእስክሪብቶ፣ በቸኮለ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «በ8 ሰዓት 1 ፍሬ።»

«እማዬ፣ በየስምንት ሰዓቱ ሊል ፈልጎ ነው እኮ! ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ።»

«ታዲያ እንደዚያ ብሎ አይጽፍም? የሱ ‘የ’ ብትጠፋ የኔ ጥፋት ነው?»

ሳቋ አመለጣት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። እናቷም ያበጠ ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ጠብታ ድንገት ሳቋን ዋጠችው። ብልቃጡን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ ደንግጠው።

«ሰዓት» አለች። «ሰዓት እኮ ሁለት ነው፣ እማዬ።»

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ?»

ሁለተኛውን እንክብል ማታ አራት ሰዓት ላይ እንዲውጡ ነግራቸው፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረደች።

የቤተ ሙከራው ዘበኛ በቅዳሜ ሲያያት ተገርሞ «ምነው እትዬ፣ ቀን ጠፋብዎ?» አላት። «ቀኑ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው የጠፋው» ብላው አለፈች። መዝገቧን ከመደርደሪያው አወረደች። ከጎኑ የተማሪዋን የታተመ ወረቀት ዘረጋች። በመነጽሩ ውስጥ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

በእሷ እጅ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ያለው ይህ ነው፦ «የማሽላ ሥር ፈሳሽ ተጨመረ። ናሙና 3 ሰዓት።»

በታተመው ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ ይህ፦ «የማሽላ ሥር ፈሳሽ በዋዜማው ማምሻ 11 ሰዓት ይጨመራል። ናሙናው በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይወሰዳል።»

ባለ ሦስት እግሩን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ለተማሪዋ ደወለች።

«እትዬ! ደህና ነሽ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን ወረቀት ስትጽፊ፣ መዝገቤ ላይ ሦስት ሰዓት የሚለውን ምን ብለሽ ነው ያነበብሽው?»

«ሦስት ሰዓት ነዋ። ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«የትኛው ጠዋት?»

«የማግስቱ። ሌሎቹን ሙከራዎች ሁሌ ማታ ጨምረን ጠዋት አይደል የምንለቅመው? ይሄንንም እንደዚያ ነው ብዬ...» ድምጿ ቀስ እያለ ሄደ።

«ልጄ፣ እኔ ጠዋት ነው የጨመርኩት። ናሙናውን የወሰድኩት ከጨመርኩ ሦስት ሰዓት ሲሞላው ነው።»

«ወይኔ ጉዴ!» የሚል ጩኸት በስልኩ መጣ፤ ጠብታ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ተማሪዋ እዚያው በቃሏ አሰላችው፦ ከማምሻው አሥራ አንድ እስከ ጠዋቱ ሦስት፣ አሥራ ስድስት ሰዓት። ሌላው ቤተ ሙከራም፣ እሷም የለኩት አሥራ ስድስት ሰዓት የቆየውን ሥር ነው። ጂኑ ቶሎ ነቅቶ ቶሎ የሚተኛ ከሆነ፣ ሁሉም የደረሱት ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው።

«ከሆነ ነው» አለች ጠብታ። «ገና ነው፤ አትጩኺ። ያራስሽው ዘር ተርፏል?»

«ማሞቂያው ውስጥ ሁለት ሳህን አለ። መጣሁ!»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለት ሳምንት በእርጥበትና በሙቀት የቆየው ዘር ሥር እንዲያወጣ የማንቂያ ኬሚካል ጠብታ ጠብታ እያደረጉ ጨመሩበት። ተማሪዋ ለዶክተሩ ደውላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ለጊዜው «እህ» ብቻ ብለው ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ እሑድ ማምሻ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ሳይጠሩ መጡ፤ ተማሪዋ የመጀመሪያው ሳህን ላይ የማሽላውን ፈሳሽ ስትጨምር በጎን ቆመው አዩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠብታ ለማነጻጸሪያ ፈሳሽ የማይነካው ጥቂት ሥር ከሁለተኛው ሳህን ለየችና በቀረው ላይ ጨመረች። ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪዋ የማታውን ሳህን ለቀመች። አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ሲሞላው፣ ጠብታ የራሷን መልቀም ጀመረች። በማይክሮስኮፑ ውስጥ የሥሮቹ ጫፎች ገና ቀጭን ናቸው፤ አላበጡም፣ ጸጉርም አላወጡም። ምንም ነገር የተፈጠረ አይመስልም። በወረንጦ አንድ በአንድ አነሣቻቸው። በየቱቦው ላይ ቁጥር ስትጽፍ ዶክተሩ ጮክ ብለው እየደገሙ ያነቡ ነበር። እንዲያነቡ የጠየቀቻቸው ራሷ ናት።

ማክሰኞ መልእክቱን ከሥሮቹ አወጡ፤ ልጋጉን ሦስት ጊዜ አጠቡ። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ማሽኑን አስጀመሩና ሦስቱም ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

የማሽኑ ሥራ ቀላል ነው፤ መልእክቱ የበዛበት ቱቦ መስመሩ ቀድሞ ከመሬት ይነሣል፣ ያነሰበት ይዘገያል። ለረጅም ጊዜ ሁሉም መስመሮች ተኝተው ሄዱ። ተማሪዋ ጥፍሯን ትበላለች። ዶክተሩ እስክሪብቶ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጠብታ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ መልሳ ስታደርገው አንዱ መስመር ቀና ብሏል።

«ማነው እሱ?» አሉ ዶክተሩ።

ተማሪዋ ቁጥሩን አየች። አንገቷን ወደ ጠብታ አዞረች።

«ማነው አልኩ እኮ!»

«የሦስት ሰዓቱ ነው» አለች ጠብታ ቀስ ብላ። «ከጨመርን ሦስት ሰዓት የሞላው።»

መስመሩ ሽቅብ ተኮሰ። ሌሎቹ ከኋላ፣ በጣም ከኋላ፣ ተከማችተው ተነሡ፤ የአሥራ ስድስት ሰዓቱ፣ ፈሳሽ ካልነካው ጋር ተደራርቦ ሊለይ አልቻለም። ሲሰላ ሠላሳ ስምንት እጥፍ ወጣ። ተማሪዋ ጠብታን ከነወንበሯ አቅፋ አሽከረከረቻት። ጠብታ ከአንጀቷ የወጣ ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። አሁን፣ እምቢ ብሏት የከረመው እንባ፣ ማንም ሳይጠራው መጣ።

ዶክተሩ ስክሪኑን አተኩረው አይተው አልጠግብ አሉ። «አንቺ ጠብታ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ እኮ ከበፊቱ ይበልጣል። ጂኑ ይነቃል ብቻ ነበር የምናውቀው። ለካ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥሩን አዝዞ ተመልሶ ይተኛል። እኛ እብጠቱን ስናይ እሱ ተሰናብቷል። የእነሱም ልኬት ስሕተት አልነበረም።»

«ዶክተር፣ የምነግርዎ አለ» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ያንን ወረቀት ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ፊደሉ አይታየኝም ነበር። አንብቤው ቢሆን ያን ጊዜውኑ እይዘው ነበር።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ዓይኗ ደከመ ተብዬ ወደ ጠርሙስ ማጠቢያው እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ተማሪዋ «እኔም ያልተጻፈውን ከራሴ ጨምሬ ነው የጻፍኩት። መጠየቅ ነበረብኝ» አለች።

ዶክተሩ ሁለቱንም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እጇን የማውቃትን ሰው፣ እስቲ እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ ብዬ አንዴ ሳልጠይቅ መስታወት ቤት ሰደድኳት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ጠብታ ይቅርታ የተጠየቀችባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው። «ማሽላዎቹ ግን ደህና ውኃ አግኝተዋል» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ።

በማግስቱ ለሌላው ቤተ ሙከራ የታረመው ወረቀት ተላከ። ከአሥር ቀን በኋላ የዚያው ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ራሱ ደወለላት፤ ድምፁ የጎልማሳ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ነቃ! ነቃ እኮ!» አለ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «እኔማ እጄ ተበላሽቷል ብዬ ጨርሼ ነበር። አለቃዬ ፊቱን አጥቁሮብኝ ነው የከረመው።»

«አንተም?» አለች።

«እንዴታ! ሰው ያደረገውን ማድረግ ሲያቅትህ ምን ትላለህ? እንቅልፍ አልነበረኝም።»

በሩቅ ከተማ ሌላ ሰው በዚያው ጉዳይ ሲገላበጥ ማደሩን አላሰበችውም ነበር። የማይተዋወቁ ሁለት ቴክኒሺያኖች ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ ስለ ልጋጉ፣ ስለ ወረንጦው፣ ስለ መነጽርም ሳይቀር። ስልኩን ስትዘጋ የዝውውር ማመልከቻውን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደችው።

የተማሪዋ ጉባኤ በቀኑ ተካሄደ። ከመርማሪዎቹ አንዱ «ናሙናውን በሦስተኛው ሰዓት ለመውሰድ እንዴት አሰባችሁ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ተማሪዋ ከኋላ ረድፍ ወደተቀመጠችው ሴት እጇን ዘርግታ «እሷ አስባ ነው» አለች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ጠብታ አንገቷን ልትሰብር ስትል የመስታወት ቤቱ ሳምንታት ትዝ አሏትና ቀና ብላ ተቀመጠች። ከጎኗ የተቀመጡት እናቷ፣ ጉንጫቸው ጎድሎ መልካቸው ተመልሶላቸዋል፣ በክርናቸው ጎሸም አደረጓትና «ስለ ምንድነው የሚያወሩት?» አሏት።

«ስለ አቀንጭራ ነው፣ እማዬ።»

«እንዴ! ይሄ ሁሉ ሰው ስለሷ ነው የተሰበሰበው?» አሉ እናቷ። ትንሽ አሰቡና «እሰይ» አሉ። «ዘር ማንዘሯን ያጥፉልኝ።»

ከጉባኤው በኋላ እናቷን ከጎረቤት ጋር በመኪና ሸኝታ፣ እሷ አዳራሹን አስተካክላ ዘግይታ ወጣች። ገና ፀሐይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ሥር ቦታ አገኘች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ራሷን መስታወቱ ላይ ጣል ከማድረጓ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። የምትወርድበት ፌርማታ አለፈ፤ ቀጥሎ ያለውም አለፈ። ሾፌሩ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት አውቶቡሱ ባዶ ሆኗል።

«እናቴ፣ መጨረሻው ነው። የት ነበር መውረጃዎ?»

ዙሪያዋን አየች። የማታውቀው ሰፈር ነው። «ኋላ ነው፤ አልፌዋለሁ» አለች።

«አሁን ተመልሼ እዚያው ነው የምሄደው። ይቀመጡ፣ ስንደርስ እቀሰቅስዎታለሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ተባረክ» አለችና መነጽሯን አውልቃ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት እንቅልፍ መልሶ ወሰዳት።